ችግኙ የጠወለገው በጥም ነው ወይስ በመታፈን?

በካፋ ዞን፣ በችግኝ ጣቢያም ሆነ በገበሬው ማሳ፣ የቡና ችግኝ ቅጠሉ ሲጠወልግና ቢጫ ሲሆን ብዙዎቻችን በቅድሚያ የምናነሣው የውኃ ማጠጫውን ነው። በእኛ አስተያየት ግን ዝናብ በሚበዛበት በቦንጋ አካባቢ ከጥም በፊት መታፈን ሊጠረጠር ይገባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደኅና አፈር ግማሽ ያህሉ ጠጣር አካል ሲሆን፣ የቀረው ግማሽ ውኃና አየር የሚጋሩት ቀዳዳ ነው። ከባድ ዝናብ ሲጥል ውኃው አየሩን አስወጥቶ ቀዳዳዎቹን ይሞላል። ካባራ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ በትልልቆቹ ቀዳዳዎች ያለው ውኃ ወደ ታች ይወርዳል፤ አየርም በቦታው ይተካል። ትንንሾቹ ቀዳዳዎች የያዙት ውኃ ለሥሩ ስንቅ ሆኖ ይቀራል። ትልልቆቹ ከጠፉ ግን ውኃው መውጫ፣ አየሩም መግቢያ ያጣል። ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዘው 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ነው። ስለሆነም በአፈሩ ያለው አየር ከጠቅላላ ይዘቱ 10 በመቶ በታች ሲወርድ የአብዛኛው ሰብል ሥር ይቸገራል። መተንፈስ ያቃተው ሥር ውኃ መሳብም ያቅተዋል፤ ተክሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል።

የካፋ ቀይ አፈር ሸክላነቱ ቢበዛም ውኃ የሚያሳልፈው ደቃቁ ክፍል ተያይዞ ፍርፍር ስለሚሆን ነው። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ደን ውስጥ የረገፈው ቅጠል፣ የምድር ትሉና የበሰበሰ ሥር የተወው ቀዳዳ ይህን ፍርፍርነት ጠብቀው ያቆዩታል። ያው አፈር ረጥቦ ሳለ በከብት ሲረገጥ ወይም ሲኮተኮት ግን ትልልቅ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ።

ጥፋቱ የእኛም የባለሙያዎቹ ነው። «ጧትና ማታ አጠጡ»፣ «በዚህ ወር ኮትኩቱ» እያልን ምክሩን በቀን መቁጠሪያ አስረነዋል። በአጭር የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያለ አፈር ደግሞ ላዩ ደርቆ ሳለ ታቹ ረጥቦ ሊቆይ ይችላል።

ስለዚህ ፍርዱን ለእጅ እንተው። ከ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር ወስዶ መጨበጥ ነው። ውኃ ካንጠባጠበ ወይም በጣት መካከል ከተዝለገለገ፣ ማጠጣትም መኮትኮትም አይገባም። ተድቦልቡሎ በአውራ ጣት ሲጫኑት ከተፈረካከሰ ለሥራ ተስማሚ ነው። ጨርሶ ካልተድቦለቦለ ውኃ ይሻል።

«እስኪጠነፍፍ ስንጠብቅ አረም ይቀድመናል» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ተገቢ ሥጋት ነው። ሆኖም አረሙን በማጭድ አጭዶ እዚያው መጎዝጎዝ ይቻላል፤ አፈሩም አይረገጥም፣ ጉዝጓዙም ይጠቅመዋል። የኅብረት ሥራ ማኅበራትም የከረጢቶቻቸው የታች ቀዳዳ አለመደፈኑን፣ በመደቡ ዙሪያም የማጠንፈፊያ ቦይ መኖሩን ይመልከቱ።

ቡና ምርት ለመስጠት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይፈጅበታል። ዘንድሮ የታፈነ ችግኝ ገበሬውን አንድ ሙሉ ዓመት ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ከማጠጫው በፊት አፈሩን እንጨብጥ።