ከቀበሌ ቤት በኋላ፦ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የሚከራይ ቤት ከወዴት ይመጣል?

ከሐሙሲት ወይም ከወረታ ተነሥቶ ሥራ ፍለጋ ወደ ባሕር ዳር፣ ከዚያም አልፎ ወደ አዲስ አበባ የሚገባ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ገና ሥራ ሳያገኝ የማደሪያ ጥያቄ ይገጥመዋል። መልሱም በአብዛኛው በደላላ በኩል ከግል አከራይ የሚገኝ አንድ ክፍል ነው። መንግሥት በዝቅተኛ ዋጋ የሚያከራየው ቤት በከተማው ውስጥ ባይጠፋም፣ አዲስ መጪው ተመዝግቦ ተራውን የሚጠብቅበት በር ግን አይታየውም። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው። የከተማ ቤት ድጎማ ላለፉት ሃያ ዓመታት ያተኮረው ዜጋውን የቤት ባለቤት በማድረግ ላይ ሲሆን፣ ድሃው ቤተሰብ ግን በቅድሚያ የሚያስፈልገው የሚከራይ ቤት ነው።

አሁን ያለው በድጎማ የሚከራይ ቤት መነሻው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ የአነስተኛ ቤቶችንም ኪራይ ቀነሰ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ሥር ሲገቡ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የመጀመሪያዎቹ ናቸው ዛሬ «የቀበሌ ቤት» የሚባሉት። ኪራያቸው ለአሥርተ ዓመታት ከጥቂት ብሮች ሳይዘል በመቆየቱ፣ የጉሊት ነጋዴዋና የቀን ሠራተኛው በከተማው እምብርት፣ ከሥራቸው አጠገብ እንዲኖሩ አስችለዋል። ይህ ውለታቸው በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ሆኖም እነዚህ ቤቶች ከተማው ሲሰፋ አብረው አልበዙም። ኪራዩ የማደሻ ወጪን ስለማይሸፍን ብዙዎቹ የጭቃ ግድግዳዎች ዘመሙ፤ መልሶ ማልማት በደረሰበት ሁሉ ደግሞ ፈረሱ። ተከራይነቱም ከወላጅ ወደ ልጅ እየተላለፈ በመሄዱ፣ ቤቱን የሚያገኘው ቀድሞ በውስጡ የነበረው እንጂ ዛሬ ይበልጥ የተቸገረው አይደለም።

መንግሥት ለዚህ ችግር የሰጠው ትልቁ ምላሽ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ነው። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ በአዲስ አበባ የ10/90፣ የ20/80 እና የ40/60 መርሐ ግብሮች ቀረቡ። ከእነዚህ ለድሃው የታሰበው 10/90 እንኳ ቅድሚያ ክፍያና የማያቋርጥ ወርሃዊ የባንክ ዕዳ ይጠይቃል። ገቢዋ ቀን በቀን የሚለዋወጥ እናት ዕጣ ቢደርሳት እንኳ ቤቱን አከራይታ እርሷ በርካሽ ክፍል መቀመጥን ልትመርጥ ትችላለች። በዚህ መንገድ ለድሃ የተደጎመው ቤት ተመልሶ ወደ ግል ኪራይ ገበያ ይገባል። የድልድሉ መንገድም ከጥርጣሬ አልዳነም፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ25 ሺህ በላይ ለሚሆኑ ቤቶች የወጣው ዕጣ፣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች በመረጃው ውስጥ መግባታቸው ስለተደረሰበት ተሰርዟል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መልካም እርምጃ ነው። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይሁንና አዋጁ የሚጠብቀው ቤት ያገኘውን ተከራይ ነው፤ ላላገኘው አንድም ክፍል አይጨምርም።

የሚከራይ ቤት የመንግሥትን ሀብት ያለ ጥቅም ያስራል የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። የቀበሌ ቤቶች መጎሳቆልም ለዚህ በማስረጃነት ይቀርባል። ነገር ግን ቤቶቹን ያጎሳቆላቸው መከራየታቸው ሳይሆን፣ ኪራያቸው ከተከራዩ ገቢም ከቤቱ የጥገና ወጪም ጋር ሳይገናኝ መቅረቱ ነው። የቪየና ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1923 በጣለው የቤት ግንባታ ግብር ያስገነባቸውን ቤቶች በእጁ አቆይቶ፣ በየጊዜው እየጨመረ፣ ዛሬ 220 ሺህ ያህል ቤቶችን ያከራያል። የሁለቱ አገሮች አቅም እንደማይነጻጸር ግልጽ ነው፤ ትምህርቱ ግን አቅም ለሌለውም ይሠራል። የተሸጠ ቤት አንድን ቤተሰብ አንድ ጊዜ ሲረዳ፣ የሚከራይ ቤት አንዱ ቤተሰብ ሲወጣ ሌላውን ይቀበላል።

ስለሆነም ሦስት ነገሮች ይገባሉ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ከተማ ያሉትን የቀበሌ ቤቶች ቆጥሮ፣ ባዶ የሆኑትንና የአመልካቾችን ተራ ለሕዝብ በግልጽ ይለጥፍ። ሁለተኛ፣ ኪራዩ በቤተሰቡ ገቢ ልክ ይተመን፤ የተሰበሰበውም ገንዘብ ለቤቶቹ ጥገና ብቻ ይዋል። ሦስተኛ፣ ከሚገነቡት አዳዲስ ሕንፃዎችና ከመሬት ሊዝ ገቢ የተወሰነ ድርሻ ፈጽሞ ለማይሸጥ የኪራይ ቤት ይመደብ።

ይህ ለትልልቅ ከተሞች ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ሐሙሲትና ወረታ በባሕር ዳርና በጎንደር መንገድ ላይ በመሆናቸው፣ የፎገራ ሩዝም ነጋዴውንና የመፈልፈያ ሠራተኛውን ስለሚስብ፣ አንድ ክፍል ፈላጊው በእነርሱም ዘንድ አለ። ልዩነቱ ትልቁ ከተማ ለድሃ የሚሆን ቦታ ለማግኘት ዛሬ ነባር ሰፈር ማፍረስ ሲኖርበት፣ ትናንሾቹ ከተሞች ግን በፕላናቸው ላይ አንድ መስመር ማስመር ብቻ የሚበቃቸው መሆኑ ነው። ያ ጊዜ ሳያልፍ ለኪራይ ቤት የሚሆን ቦታ መከለል ይገባል፤ አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» እንዲሉ።