ሐዘን ስንት ቀን ነው?

በቡታጅራ መንገድ ቤተሰቡን ይዞ ሽርሽር የሚወጣ ሰው ጥያ ላይ መቆሙ አይቀርም። ልጆች ትክል ድንጋዮቹን ይቆጥራሉ፤ 36 ናቸው። 32ቱ የሰይፍና የሌላ ምልክት ቅርጽ አለባቸው። ከሥራቸው መቃብር እንዳለ በቁፋሮ ታውቋል። ምልክቶቹን አንብቦ የሚነግረን ግን የለም፤ ድንጋዩ ቆመ፣ ሥርዓቱ ተረሳ።

ቻይና ውስጥ ግን ሥርዓቱን ያቆዩት ሰዎች ናቸው። ኮንፊሽየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ551 ዓመት ሉ በምትባል ትንሽ ግዛት ተወለደ። አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞተ እናቱ አሳደገችው። ዘመኑ መሳፍንት እርስ በርስ የሚዋጉበት ነበር። እሱ መድኃኒቱን ያየው በጥንቱ ሥርዓት ውስጥ ነው፦ ወላጅን ማክበር፣ ሙታንን በወግ መሸኘት፣ ለሰው ማዘን። ቤቱ አክብሮት ያልተማረ ሰው አደባባይ ላይ ከየት ያመጣዋል? ሐሳቡን ይዞ ከገዥ ወደ ገዥ ተንከራተተ፤ እኛ ማርኬቲንግ ላይ ያለን ሰዎች እንደምንለው፣ ገበያ አላገኘም። በ479 ሲሞት ቃሉን ሰብስበው ያቆዩት ተማሪዎቹ ናቸው። በጥያ ዙሪያ ያለው የክስታኔ ሕዝብም ጎርደና ሴራ የሚለውን ባህላዊ ሕጉን በሽማግሌዎች አንደበት ነው ያቆየው።

ከተማሪዎቹ አንዱ ዛይ ዎ፣ ለወላጅ ሦስት ዓመት ማዘን በዛ፣ አንድ ዓመት ይበቃል ብሎ ተከራከረ። መምህሩ አልተቆጣም። በሐዘን ጊዜ ጥሩ እየበላህና እየለበስክ ልብህ ያርፋል ወይ ብሎ ጠየቀው። ያርፋል አለ። እንግዲያስ አድርገው አለው። ተማሪው ሲወጣ ግን፣ ሕፃን ከወላጁ እቅፍ የሚወርደው ሦስት ዓመት ሲሞላው አይደለም ወይ ብሎ አዘነ።

ቆየት ብሎ ሞዚ የሚባል ፈላስፋ ተነሣ። ውድ ቀብርና ረጅም ሐዘን ድሃውን ያደኸያል፣ ሥራ ያስፈታል አለ። ስለ ድንኳኑና ስለ ምግቡ ወጪ ብቻ ከሆነ እኔ ከሞዚ ጋር ነኝ፤ ለዛይ ዎ የቀረበው ጥያቄ ግን በወጪ አይመለስም። የኮንፊሽየስን ትምህርት ያስፋፋው ሜንሺየስ ራሱ፣ የእናቱን ቀብር ከአባቱ አብልጦ አደመቀ ተብሎ ታምቷል፤ ወዳጁ የሰጠው መልስ፣ ያኔ ድሃ ነበር፣ አሁን አለው የሚል ነበር። በ136 ደግሞ የሐን ንጉሠ ነገሥት ትምህርቱን የመንግሥት ትምህርት አደረገው፤ በሕይወት ሳለ ያጣውን ገበያ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አገኘ።