«ለድምፅ ሪሌ ነው» ይሉናል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሚክሰርና አምፕሊፋየር ከሚጠግኑ ሰዎች ጋር ስለ ድምፅ መቀያየሪያ ወሬ ካነሣችሁ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፦ «አይሲ ድምፅ ያበላሻል፤ ለድምፅ ሪሌ ነው»። ከኮሌጅ የወጣውም በልምድ የሠለጠነውም እዚህ ላይ አንድ ቃል ናቸው። በእኔ ዕይታ ግን ይህ ፈሊጥ አይሲውን ያለ ጥፋቱ ያስወቅሳል፣ ጥፋተኛውን ያስመልጣል።

ክሱ እንዴት እንደሚመሠረት እንይ። ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሦስት ማይክ የሚሆን ሳጥን ይሠራል። እያንዳንዱ ማይክ በራሱ ማጉያ ካለፈ በኋላ የትኛው ወደ ሞንታርቦው እንደሚሄድ ለመምረጥ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ሲዲ4066 የተባለ የመቀያየሪያ አይሲ ይገባል። መቀያየሩን የሚያዘው አርዱይኖ በ5 ቮልት ስለሚሠራ አይሲውም 5 ቮልት ይሰጠዋል። ሲግናሉ ግን ከዜሮ በላይም በታችም የሚወዛወዝ ነው። ከዜሮ በታች ወደ 0.6 ቮልት ገደማ ሲወርድ አይሲው ውስጥ ያለው መከላከያ ዳዮድ ይከፈትና የሞገዱን ታችኛ ጫፍ ይቆርጠዋል። ስብከት ላይ ምንም አይታወቅም፤ የንግግር ድምፅ አነስተኛ ስለሆነ ከዚያ ወሰን አይደርስም። ሚያዝያ 30፣ በማርቆስ ንግሥ፣ ማኅሌቱ ደምቆ ከበሮው ሲመታ ግን ጉዱ ይወጣል። «አላልኩህም?» ይባላል፤ አይሲው ይነቀላል።

አይሲው ምን ያድርግ? 12 ቮልት ስጡት፤ ሲግናሉን በካፓሲተር አሳልፋችሁ በሁለት ሬዚስተር 6 ቮልት ላይ አስቀምጡት። ያኔ ከበሮውንም ይችለዋል። እርግጥ የአርዱይኖው 5 ቮልት ያን 4066 ማዘዝ ስለማይችል ትራንዚስተር መሐል መግባት አለበት። ይህ ከሰለቻችሁ 4053 የሚባል ሌላ የመቀያየሪያ አይሲ አለላችሁ። 7ኛው እግሩ ለኔጌቲቭ ቮልት የተለየ ነው፤ እዚያ −5፣ ላይ +5 ሰጥታችሁ ትእዛዙን ከ0 እስከ 5 ትልካላችሁ። የማያቸው ሳጥኖች ላይ ግን 7ኛው እግር ከ8ኛው ጋር ተጠምዶ መሬት ላይ ታስሯል። አይሲው የተመረጠበት ዋና ምክንያት እዚያ የብየዳ ጠብታ ሥር ተቀብሯል።

ሁለተኛው ክስ «ኦሙ ብዙ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ሲዲ4066 በ5 ቮልት ወደ 470 ኦም፣ በ15 ቮልት ወደ 125 ኦም አለው። ቢሆንም 470 ኦም 10 ኪሎ ኦም ፊት ሲቆም ድምፁን የሚቀንሰው ጆሮ በማይለየው መጠን ነው። ድምፅ የሚያበላሸው ኦሙ ሲግናሉን ተከትሎ ከፍ ዝቅ ማለቱ ነው። 100 ኦም ቢዋዥቅ በ10 ኪሎ ኦም ላይ አንድ በመቶ ያህል ነው፤ በ100 ኪሎ ኦም ላይ አንድ ሺኛ። ስለዚህ ከኋላው ቲኤል072 ኦፕአምፕ አስቀምጡና ጭነቱን አቅልሉለት። አንድና ሁለት ኦም ብቻ ያላቸውን ውድ አይሲዎች ከውጭ ለማስመጣት የሚሯሯጡም አሉ። የእነዚያ ትራንዚስተር ሰፊ ስለሆነ ካፓሲታንሱም ይበዛል፤ ሲዘጋ ያሾልካል፣ ሲቀያየር ጠቅ ይላል።

ስለ ማሾለክ ካነሣን፣ ከተዘጋ ማይክ ሾልኮ የሚሰማው ከበሮው ሳይሆን ጸናጽሉ ነው። ቀጭን ድምፅ በትንሽ ካፓሲታንስ በቀላሉ ያልፋል። 4053 ሦስት መንታ መንገድ አለው፤ ለሦስት ማይክ ልክ ነው። ማይኩ ሲዘጋ መውጫው ወደ መሬት እንዲዞር አድርጉት፤ ሹልክታው እዚያው ይሰምጣል።

ሪሌውስ? ብዙ ጊዜ ከተቃጠለ ስታቢላይዘር የተፈታ ነው። 10 አምፔር እንዲያሳልፍ የተሠራ ኮንታክት፣ ከባድ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በሚፈጠረው ብልጭታ ራሱን እየጠረገ የሚኖር። የማይክ ሲግናል ግን ከማጉያው ከወጣ በኋላም የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው፤ ብልጭታ የለም፣ ቆሻሻው ይከማቻል። የክረምቱ እርጥበት ሲጨመርበት ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ «ሪሌ ድምፅ ያበላሻል» ሲል የሰማሁት የለም። የሚቀየረው ኬብሉ ነው!

ሪሌ በእውነት የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፤ አድናቂዎቹ ግን ሲያነሡት አልሰማም። አምፕሊፋየሩ በባትሪ፣ ሳጥኑ ግን ከግድግዳው መብራት የሚሠራ ከሆነ መብራት ሲጠፋ አይሲው ያለ ኃይል ይቀራል። ኃይል ያጣ አይሲ የደረሰውን ሲግናል በዳዮዶቹ በኩል ወደ ራሱ የኃይል መሥመር ይጎትተዋል፤ የሚተርፈው የተበላሸ ድምፅ ነው። ሪሌ ግን ኃይል ሲያጣ ወደ ማረፊያ ኮንታክቱ ይመለሳል። የቄሱን ማይክ በዚያ በኩል በቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ የማይክ መግቢያ ጋር ካገናኛችሁት ሳጥኑ ቢሞትም ቅዳሴው አይቋረጥም። ለዚህች አንድ መሥመር ከስታቢላይዘር አትፍቱ፤ ለአነስተኛ ሲግናል የተሠራ፣ የታሸገና ኮንታክቱ ወርቅ የተቀባ ሪሌ ግዙ። ለቀረው ሁሉ 4053 ይበቃል።