ግሪን ካርድና የመንግሥት ብድር

ሰሞኑን ክላርክስተን አንድ ካፌ ቁጭ ብለን አንዲት እህታችን የእንጀራ ሥራዋን ልታሰፋ ማሰቧን አጫወተችን። ምጣዱ አንሷታል፣ ቦታው ጠቧታል። «ኤስ ቢ ኤ ገንዘብ ይሰጣል ሲሉ ሰምቼ ልጠይቅ ነው» አለች። ግሪን ካርድ ካገኘች ሦስት ዓመት አልፏታል። ባለቤቷ ከቆየ ጀምሮ ዜጋ ነው፤ በድርጅቱ ወረቀት ላይ ግን ሁለቱም እኩል ባለድርሻ ናቸው።

ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ። በ1953 የተቋቋመው ኤስ ቢ ኤ፣ ሰቨን ኤ በሚባለው ዋና ብድሩ ገንዘቡን ራሱ አይሰጥም። የሚያበድረው ባንክ ነው፤ ኤስ ቢ ኤ ዋስ ይሆናል። እስከ 150 ሺህ ዶላር ለሆነ ብድር እስከ 85 ከመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 75 ከመቶ ይዋሳል። ጣሪያው 5 ሚሊዮን ዶላር ነው። መንግሥት ዋስ ሆነ ማለት ግን ዕዳው ለእናንተ ቀረ ማለት አይደለም፤ 20 ከመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያለው ሁሉ በግሉም ይፈርማል።

ለብዙ ዓመታት ለዚህ ብድር ግሪን ካርድ ይበቃ ነበር። ከሰኔ 2025 ጀምሮ ባለድርሻዎቹ በሙሉ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው ይሁኑ ተባለ። ከማርች 1 ቀን 2026 ወዲህ ደግሞ ግሪን ካርድም አይበቃም። የእህታችን ግማሽ ድርሻ የባለቤቷንም ዕድል ዘጋው ማለት ነው። ግብር ለሚከፍልና ሰው ለሚቀጥር ነጋዴ ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ መናገር ይከብደኛል።

«ታዲያ ድርሻዬን በወረቀት ለእሱ ባዞርስ?» አለች። ለይስሙላ ከሆነ አይሆንም! በብድር ማመልከቻ ላይ ሐሰት መጻፍ የፌዴራል ወንጀል ነው። በእውነት የሚዛወር ከሆነ ጠበቃና የሒሳብ ባለሙያ ይይዙት።

ሌላ በር ግን አለ። ኪቫ ያለ ወለድ እስከ 15 ሺህ ዶላር ያበድራል፤ መጀመሪያ ወዳጅ ዘመድ ትንሽ ትንሽ እንዲያበድራችሁ ይጠይቃል፤ እቁብ ለለመደ ሰው እንግዳ አይደለም። ጆርጂያ ውስጥ ኤሲ ኢ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ አበዳሪም አለ። ስትሄዱ ገንዘቡ ከየትኛው ቋት እንደሚወጣ ጠይቁ፤ የኤስ ቢ ኤ ገንዘብ ከሆነ የዜግነቱ ጥያቄ ተከትሎት ሊመጣ ይችላል።

እቁባችን ደግ ነው፤ ነገር ግን ለክሬዲት ታሪክ አይቆጠርም። በጥሬ ገንዘብ ሸጠን ለግብር ያላስመዘገብነውም እንዲሁ። ባንኩ የሚያምነው የግብር ወረቀቱን ነው።

ከዜጋ ጋር በትዳር አብሮ ለሚኖር፣ ባለቤቱም ሦስቱን ዓመት ሙሉ ዜጋ ሆኖ ከቆየ፣ ግሪን ካርድ ካገኘ በሦስት ዓመቱ ለዜግነት ማመልከት ይችላል፤ ለሌላው አምስት ዓመት ነው። እህታችን ይህን ስትሰማ ቡናዋን አስቀምጣ ባሏ ጋ ደወለች። ምጣዱን በእቁብ ልትገዛ ነው፤ ኤን-400 ቅጹን ደግሞ ቅዳሜ ቁጭ ብለው ሊሞሉ ተቀጣጥረዋል።