የገብስ ዘርና የቁጥር ምስክርነት

ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር ባለው ደጋ የገበሬው ኑሮ በገብስ ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ አዲስ ዘር ይዞ ወደ ገበሬው ደጅ የሚሄድ ባለሙያ፥ ቃሉ የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ቀለብ መሆኑን ሊዘነጋ አይገባውም።

በአንድ ማሳ ላይ ገብሱ ስላማረ ዘሩ ጥሩ ነው ማለት ነውን? አይደለም፤ መሬቱ ለም ሆኖ ወይም ውርጩ በዚያ ዓመት ሳይጥል ቀርቶ ይሆናል። እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው መላ ይህን ለመለየት ነው። ይኸውም ዘሮቹን በዕጣ መደልደል፥ በብዙ መደብ ደጋግሞ መዝራት፥ ከዚያም ልዩነቱ የዘሩ ይሁን የአጋጣሚ በስሌት መመርመር ነው። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከልም ዘሮችን የሚፈትነው በዚሁ መንገድ ነው።

ነገር ግን አማካይ ብቻውን ያታልላል። ለምሳሌ በመልካም ዓመት 40 ኩንታል ሰጥቶ በውርጭ ዓመት ባዶ የሚያስቀር ዘር፥ በሁለቱም ዓመት 18 ከሚሰጠው በአማካይ ይበልጣል። ገበሬው ግን አማካይ አይበላም።

እንግዲህ እኛ ወጣቶች ወደ ወረዳ ስንላክ ያልበቀለውንም መደብ ሳንደብቅ እንመዝግብ። አለቃን ለማስደሰት የተጨመረች አንዲት ኩንታል ስሌቱን ታበላሻለች፤ ዕዳዋንም የሚከፍለው ገበሬው ነው።