አሸዋው የማን ነው?

«ባሕር የሌላት አገር ልጆች፣ ስለ ባሕር ዳርቻ ምን አገባችሁ?» እንዳትሉን። ያገባናል፤ ለምን እንደሚያገባን ደግሞ ወደ ታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። በፖስተር ላይ ሃዋይና ጃማይካ መንታ ናቸው፦ ዘንባባ፣ ሰማያዊ ውኃ፣ ጃንጥላ የተሰካበት ብርጭቆ። እኛን የገረመን ግን ሌላ ነው። ያገሬው ሰው እዚያ አሸዋ ላይ ፎጣውን አንጥፎ መቀመጥ ይችላል ወይ? ለዚህች ጥያቄ ሁለቱ ደሴቶች ፈጽሞ የተለያየ መልስ አላቸው። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

ከሃዋይ እንጀምር። በሳንቃ ማዕበል መጋለብን፣ ዛሬ ዓለም ሰርፊንግ የሚለውን፣ እዚያ አለቃውም ተራው ሰውም፣ ወንዱም ሴቷም ይችሉበት ነበር። ልዩነቱ ሳንቃው ላይ ነበር፤ «ኦሎ» የሚሉት ረጅሙ የመኳንንቱ፣ «አላያ» የሚሉት አጠር ያለው የሌላው ሕዝብ። ካፒቴን ኩክ በ1778 ከደረሰ በኋላ ከውጭ የገባ በሽታ ሕዝቡን ፈጀው። ከ1820 ጀምሮ የመጡት ሚሲዮናውያን ደግሞ ጨዋታውን በክፉ ዓይን አዩት። በ1893 ንግሥት ሊሊዑካላኒ ከዙፋናቸው ተወገዱ፣ በ1898 አሜሪካ ደሴቶቹን ጠቀለለች፣ በ1901 ዋይኪኪ ዳርቻ ላይ ሞአና ሆቴል ተከፈተ። ፈጣን አይደለም?

በ1908 እዚያው ዋይኪኪ ላይ «አውትሪገር» የሚባል የታንኳና የሰርፊንግ ክለብ ሲቋቋም፣ አባላቱ በአብዛኛው ነጮች ነበሩ። በሰው ጨዋታ! ያገሬው ልጆች ግን ቁጭ ብለው አላለቀሱም፤ «ሁዪ ናሉ» የሚባል የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ። ከእነሱ አንዱ ዱክ ካሃናሞኩ ነው፤ በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ዋና ወርቅ ያጠለቀው፣ ቆይቶም ሲድኒ ሄዶ ለአውስትራሊያኖች በማዕበል ላይ መቆም ምን እንደሚመስል ያሳየው።

እኛ ግን ከወርቁ ይልቅ አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ይበልጥብናል። በ1968 የሃዋይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፊት የቀረበ የወሰን ክርክር ነበር። የ1866 የመሬት ሰነድ ወሰኑን «ማ ኬ ካይ» ብሎ ያልፈዋል፤ በባሕሩ ጥግ ጥግ እንደማለት ነው። የትኛው ጥግ? ፍርድ ቤቱ በቀያሽ ቁጥር ብቻ አልተመራም፤ «ካማአይና» የሚባሉት የቦታው ነባር ሰዎች የሰጡትን ቃል ሰማ። እነሱም ወሰኑ ማዕበሉ ጥራጊውን ጥሎ የሚመለስበት መስመር ነው አሉ፤ ዳኞቹም ተቀበሉ። ከዚያ በታች ያለው አሸዋ የሁሉም ሆነ። በኋላ አንዳንድ ባለቪላዎች ዕፅዋት እየተከሉ መስመሩን ወደ ባሕሩ መግፋት ጀመሩ። (ዘዴ አያልቅባቸውም እኮ!) በ2006 ያው ፍርድ ቤት የሰው ተክል ወሰን አይሆንም፣ ወሰኑ ከፍተኛው ማዕበል የደረሰበት ነው አለ።

ሃዋይ ገነት ናት ማለታችን አይደለም። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከሃዋይ ነባር ተወላጆች የሚበዙት የሚኖሩት ደሴቶቹ ላይ ሳይሆን በሌሎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ነው። አሸዋው ነጻ ነው፣ ቤቱ ግን አይቀመስም።

ወደ ጃማይካ እንሻገር። እዚያ የባሕሩ ጠርዝ ሕግ የወጣው በ1956 ነው፤ ነጻነት ከመምጣቱ ስድስት ዓመት ቀድሞ። በጠርዙ ላይ ያለውን መብት ሁሉ ለዘውዱ ሰጠ። ዓሣ አጥማጆች የነበራቸውን አልነካም፤ ለተራው ሰው ግን እንደልቡ ገብቶ የመዋኘት አጠቃላይ መብት አልሰጠውም። በ1962 ባንዲራው ተቀየረ፣ ሕጉ ቀረ። ከዚያ ሆቴሎቹ አጥር በአጥር ሆኑ። በ2021 የተመሠረተው የባሕር ዳርቻ መብት ንቅናቄ ጃምቤም፣ ሕዝቡ በነጻ የሚደርስበት ዳርቻ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም ይላል። ጃማይካውያን ባሕር አይወዱም የሚል ካለ ደግሞ እሑድ ዕለት ሄልሻየር ይሂድ። የተጠበሰ ዓሣ፣ ጣፋጩ «ፌስቲቫል»፣ የካሳቫ ቂጣ፣ ሙዚቃው። አሸዋው ራሱ በማዕበል ተሸርሽሮ እያለቀ እንኳ ሰዉ ይሄዳል።

አሁን ወደሚያገባን ነገር። ከኪንግስተን ወጣ ብሎ ቡል ቤይ የሚባል ሰፈር አለ፤ እዚያ የቦብ ማርሊ ቢች የሚሉት ዳርቻ ላይ የራስታ ቤተሰቦች ለአሥርት ዓመታት ኖረዋል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ 1966 ኪንግስተን ሲያርፉ አውሮፕላን ማረፊያውን ካጥለቀለቁት ጋር አንድ እምነት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ስማችንን፣ ባንዲራችንን፣ ንጉሣችንን ይዘው የኖሩ ናቸው። የሬጌ ሙዚቀኛው ቢሊ «ሚስቲክ» ዊልሞት «ጃምኔዢያ» የሚባለውን የሰርፊንግ ክለብ የመሠረተውም እዚያው ቡል ቤይ ነው፤ የዱክ ጨዋታ ከራስታ ጋር ተገናኘ ማለት ነው። በዳርቻው ላይ ግን የቅንጡ ሪዞርት ዕቅድ መጣ፤ ነዋሪዎቹም ክስ መሠረቱ።

የሚይዙት ሕግ ያረጀ ነው፤ የ1882። ሕዝብ አንድን ዳርቻ ለዓሣ ማጥመድ፣ ለመዋኘት ወይም ለመዝናናት 20 ዓመት ሳይቋረጥ ከተጠቀመበት መብቱ አይነጠቅም ይላል። እኛ የጃማይካ ዳኞች የሃዋዮቹን የ1968 ውሳኔ አንድ ጊዜ ቢያነቡት ደስ ይለናል። 20 ዓመት ነው የተጠየቀው። ቡል ቤይ ላይ ከዚያ በላይ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ፤ ቃላቸውን የሚሰማ ነው የሚያስፈልጋቸው።