«ኪንታሮት ነው» ብሎ መዘግየት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ቃል ለማንኛውም ደዌ የሚስማማ ቢሆንም፤ ይልቁንም ሰው ስሙን ለመጥራት ለሚያፍርበት ለደንዳኔ ካንሰር የተነገረ ይመስላል። በአዳማና በአሰላ መካከል በምትገኘው በደራም ሆነ በሌሎቹ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች፤ ከሰገራው ጋር ደም አይቶ «ኪንታሮት ነው» በማለት ዝም የሚል ሰው ጥቂት አይደለም። ኪንታሮት ከሆነ መልካም፤ ካንሰር ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ ግን ያለፉት ወራት አይመለሱም።

ዛሬ የሕክምና ጥበብ የዚህን በሽታ ጠባይ ከውጭ ሆኖ ለመመርመር ችሏል። ኤም አር አይ የተባለው መሣሪያ በብርቱ ማግኔትና በራዲዮ ሞገድ አማካይነት፤ በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ካለው ሃይድሮጅን ሥዕል ያወጣል፤ እንደ ራጅም ጨረር የለውም። ለዚህ ጥበብ መሠረት የጣሉት አሜሪካዊው ፖል ላውተርበርና እንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2003) የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ሐኪሙ ከሥዕሉ የሚፈልገው፤ አንደኛ፤ ዕጢው የአንጀቱን ግድግዳ ምን ያህል ዘልቆ እንደ ወጣ፤ ሁለተኛ፤ ደንዳኔውን ከነስቡ ወደሚጠቀልለው ስስ ሽፋን ምን ያህል እንደ ቀረበ፤ ሦስተኛ፤ ከግድግዳው ውጭ ባሉት የደም ሥሮች ገብቶ እንደ ሆነ ነው። ከሽፋኑ እስከ 1 ሚሊሜትር ድረስ የቀረበ ዕጢ በቀዶ ጥገና ጊዜ ርዝራዡ የመቅረቱ ሥጋት ብዙ ነው። ከዚህም በላይ፤ የዕጢው ሕዋሳት ተጨናንቀው የበቀሉ ሲሆን ውኃው በመካከላቸው እንደ ልብ ስለማይዘዋወር፤ መሣሪያው ይህን በቁጥር ለክቶ የዕጢውን ኃይለኛነት ለመገመት ይረዳል።

ይህ ሁሉ ለከንቱ ዕውቀት አይደለም። በሽተኛው በቶሎ ወደ ቀዶ ጥገና ይግባ፤ ወይስ አስቀድሞ ጨረርና መድኃኒት ይሰጠው የሚለው ፍርድ በአብዛኛው የሚቆመው በዚሁ ሥዕል ላይ ነው። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ እንደ ነበረ ሲታሰብ፤ ወረፋውን ለሚያስፈልገው በሽተኛ ለይቶ መስጠት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ግልጽ ነው።

ሆኖም መሣሪያው ፈራጅ አይደለም። ንፍጥ የሚያመነጭ ዕጢ ክፉ ሆኖ ሳለ በውኃው ልኬት ገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ቁራጭ ተወስዶ በማጉያ መነጽር መመርመሩ የማይቀር ነው። ሥዕሉንም አስተውሎ የሚያነብ የሠለጠነ ሐኪም ከሌለ ውድ ዕቃ መግዛት ብቻውን አይጠቅምም። የሕክምና ተማሪዎቻችን ይህን ትምህርት ከልብ ሊይዙት ይገባል።

ከሁሉም የሚቀድመው ምርመራ ግን ማግኔት የሚጠይቅ አይደለም፤ ጓንት ያጠለቀ የሐኪም ጣት ነው። ይህም በቅርብ ጤና ጣቢያ ሊደረግ የሚችል ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ የምትገኙ ወጣቶች ሆይ፤ ለሕክምና ፈቃድ የሚጠይቃችሁን ሠራተኛ ምክንያቱን በሰው ፊት አታስጠይቁት። ተማሪዎችም ለዕረፍት ወደ ደራ፤ ወደ መቂ፤ ወደ ባቱ ስትመለሱ፤ አባታችሁን «ደም አይተው ያውቃሉን?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። ጥያቄው ለጊዜው ያሳፍር ይሆናል፤ ኀፍረት ግን ያልፋል፤ የዘገየ በሽታ አያልፍም።